ሣጥኑ ባለቤቱን አያውቅም

እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2021፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 16 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በተለያየ አገር የሚኖሩ የ«ማይ ቡክ ላይቭ» ባለቤቶች ፋይላቸውን ሊከፍቱ ሲሞክሩ ባዶ ፎልደር ጠበቃቸው። ማይ ቡክ ላይቭ የአሜሪካው ዌስተርን ዲጂታል የሠራው፣ ከራውተር ጋር በኬብል ተያይዞ ለቤተሰቡ ሁሉ ፋይል የሚያካፍል ሣጥን ነው። ዲስኩ አልተሰበረም፤ ሣጥኑም አልተሰረቀም። ወደ መቆጣጠሪያ ገጹ ለመግባት የሞከሩትም የይለፍ ቃላቸው ልክ አይደለም ተባሉ። የሣጥኑን የሥራ መዝገብ ከፍተው ያዩ ሰዎች እነሱ ያልሰጡት አንድ ትእዛዝ ተፈጽሞ አገኙ፤ ወደ ፋብሪካ ይዞታህ ተመለስ የሚል።

ነገሩ ሲጣራ ሁለት ቀዳዳ ተገኘ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2018 ታውቆ የተመዘገበ፣ ከሩቅ ሆኖ ሣጥኑን ማዘዝ የሚያስችል ነው። ኩባንያው ለዚህ ሞዴል አፕዴት መስጠት ያቆመው በ2015 ስለነበር የደፈነው የለም። ሁለተኛው ይብሳል። ሣጥኑን ወደ ፋብሪካ ይዞታው የሚመልሰው የፕሮግራም ክፍል ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የይለፍ ቃል መጠየቅ ነበረበት፤ እንዲጠይቅ የሚያዙት መስመሮችም ተጽፈው ነበር፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ እንዳያነባቸው የሚያደርግ ምልክት ከፊታቸው ተቀምጦባቸዋል። ኩባንያው እንደገለጸው ስህተቱ የገባው በኤፕሪል 2011፣ የማንነት ማረጋገጫው ክፍል እንደገና ሲደራጅ ነው። እንግዲህ አሥር ዓመት ያህል «አጥፋ» ብሎ መጠየቅ የቻለ ሁሉ፣ ማን ነህ ሳይባል ይታዘዝለት ነበር ማለት ነው።

ረጅምና የማይገመት የይለፍ ቃል የነበረውም ሰው ከዚህ አልዳነም። ለምን ቢሉ፣ ጥያቄው የይለፍ ቃል ባለበት በኩል አላለፈም። የዚህ ትምህርት ሥር እዚህ ላይ ነው። በቤት ውስጥ የምናስቀምጠው የኔትወርክ ማከማቻ፣ ነጋዴው ኤንኤኤስ ብሎ የሚሸጥልን ሣጥን፣ ባለቤቱን አያውቅም። የሚያውቀው የሚደርሰውን ጥያቄ ነው።

ጥያቄን እንጂ ባለቤትን አያውቅም ማለት፣ አንድም ከየት እንደመጣ ግድ የለውም ማለት ነው፤ ከሳሎን ይምጣ ከሌላ አህጉር፣ እስከ ደረሰው ድረስ ይሰማዋል። አንድም ጠያቂው የያዘውን ስም እንጂ ሰውየውን አያይም ማለት ነው፤ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ይዞ የመጣ ሁሉ ለእሱ አንድ ሰው ነው። አንድም ለዚያ ስም የተፈቀደውን ሁሉ ያደርጋል ማለት ነው፤ ማሳየትም መለወጥም ማጥፋትም ለእሱ እኩል ሥራ ናቸው። ጥበቃውም ከዚሁ ይፈልቃል። ጥያቄ እንዳይደርሰው መከልከል፤ የደረሰው በማን ስም እንደሆነ ማጥበቅ፤ ያ ስም የሚችለውን ማሳነስ፤ ከዚያ ሁሉ አልፎ ታዞ ቢያጠፋ እንኳ እጁ የማይደርስበት ቅጂ ማኖር። ብዙ ሰው ከሁለተኛው ይጀምርና እዚያው ያቆማል፤ የይለፍ ቃል ይለውጣል፣ በቃ። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው ባይ ነኝ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

በቅድሚያ ሣጥኑ ምን እንደሆነ እንወቅ። ውስጡ ሁለት ወይም አራት ሃርድ ዲስክ ስላለ «ትልቅ ፍላሽ» አድርገው የሚያስቡት አሉ። ፍላሽ የራሱ ሐሳብ የለውም፤ ሲነቀል ያበቃለታል። ይህኛው ግን ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት የሚነዳው፣ ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው። የታይዋኖቹ ሲኖሎጂና ኪውናፕ የሚሸጧቸውም እንዲሁ ናቸው። በውስጡ ፋይል የሚያካፍል አገልግሎት አለ፤ በብራውዘር የሚከፈት መቆጣጠሪያ ገጽ አለ፤ ፎቶ የሚያሳይ፣ ፊልም የሚያጫውት አፕ አለ፤ ባለቤቱ አንድ ቀን ሞክሮ የረሳቸው ሌሎችም አሉ። እያንዳንዳቸው ጥያቄ ይቀበላሉ። የማይሠሩበትን አፕ ያራግፉት፤ በዚህ ላይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ ሣጥኑ ዘንድ የሚደርሰው በራውተሩ በኩል ነው። ራውተሩ ከቤት ውስጥ ለወጣ ጥያቄ የመጣውን መልስ ያስገባል፤ ማንም ሳይጠራው የመጣውን ግን ለማን እንደሚሰጠው ስለማያውቅ ይጥለዋል። ጥሩ የግቢ ዘበኛ «ማን ጋ ነው?» ብሎ ስም መጥራት ያልቻለውን እንደሚመልሰው ማለት ነው። ማንም ያልነካካው ራውተር በዚህ ብቻ ለሣጥኑ ትልቅ ከለላ ነው። ከለላው የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በእኛው እጅ ነው። ባለቤቱ ሥራ ቦታ ሆኖ ፋይሉን ማየት ያምረውና ወደ ራውተሩ ገብቶ «በዚህ ቁጥር ፖርት የመጣውን ሁሉ ለሣጥኑ ስጠው» ብሎ ይጽፋል፤ ፖርት ማለት ጥያቄ የሚገባበት ባለ ቁጥር በር ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚገባው እሱ ብቻ አይደለም፤ ራውተሩ «ሁሉ» ተብሏልና ሁሉን ያስገባል።

ሌላው መንገድ ባለቤቱ ሳያውቀው የሚከፈተው ነው። ዩፒኤንፒ የሚባል አሠራር አለ፤ በቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ራውተሩን «ይህን ፖርት ክፈትልኝ» ብሎ እንዲጠይቅ፣ ራውተሩም ማንንም ሳያማክር እንዲከፍት ይፈቅዳል። የተፈለሰፈው ለምቾት ነው፤ ጌምና የቪዲዮ ጥሪ ያለ ችግር እንዲሠሩ። ሣጥኑ አዲስ ሲተከል «ከውጭ ሆነው መጠቀም ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠይቆ «አዎ» ከተባለ፣ በአንዳንዱ ሥሪት ያ አንድ ንክኪ ይበቃል። ባለቤቱ በራውተሩ ላይ ምንም እንዳልነካ ምሎ ይናገራል፤ እውነቱንም ነው።

ፖርት ተከፍቶ ተደብቆ አይቀርም። ጆን ማዘርሊ በ2009 ይፋ ያደረገው ሾዳን የተባለ የፍለጋ አገልግሎት አለ፤ የሚመዘግበው እንደ ጉግል ድረ ገጾችን ሳይሆን ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙ ዕቃዎችን ነው፤ ካሜራውን፣ ራውተሩን፣ የእኛንም ሣጥን። የሲኖሎጂ መቆጣጠሪያ ገጽ በተለምዶ በ5000 እና በ5001፣ የኪውናፕ በ8080 ይከፈታል፤ እነዚህን ቁጥሮች ተራ በተራ የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች ዕረፍት የላቸውም። «ቁጥሩን ወደ ሌላ ለውጬዋለሁ» የሚሉኝ አሉ። ፖርት ከ65,535 አያልፍም፤ ያንን ሁሉ መሞከር ለማሽን ቀላል ሥራ ነው። ቁጥር መለወጥ የመዝገቡን ጫጫታ ይቀንሳል እንጂ ጥበቃ ብዬ አልቆጥረውም።

የተከፈተ ፖርት ምን እንደሚያስከትል ሁለት ጊዜ በግልጽ ታይቷል። በኦገስት 2014 ሲኖሎከር የተባለ ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም በሲኖሎጂ ሣጥኖች ላይ ወርዶ ፋይሎችን መሰጠረ፤ መፍቻውን ለማግኘት 0.6 ቢትኮይን ጠየቀ። የገባበት ቀዳዳ ኩባንያው በዲሴምበር 2013 የደፈነው ነበር፤ የተጎዱት አፕዴቱን ሳይጭኑ ሣጥናቸውን ለኢንተርኔት የከፈቱ ናቸው። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ዴድቦልት መጣ። የኪውናፕ ተጠቃሚ መግቢያ ገጹን ሲከፍት የስምና የይለፍ ቃል መጻፊያው ቀርቶ የቤዛ ማስታወቂያ ተተክቶበት ያገኛል፤ 0.03 ቢትኮይን፣ የሚላክበት አድራሻ፣ መፍቻው የሚጻፍበት ባዶ ቦታ። ወንጀለኞቹ ለኩባንያውም መልእክት ነበራቸው፤ በ5 ቢትኮይን ቀዳዳውን እንንገራችሁ፣ በ50 ደግሞ የሁሉንም ሰለባ መፍቻ ቁልፍ እንስጣችሁ የሚል።

የዴድቦልት ታሪክ አንድ የሚያስቅ ምዕራፍ አለው፤ ከመንገዳችን ቢያስወጣንም አልዘለውም። ገንዘቡ ሲላክ መፍቻው ያለ ሰው እጅ፣ በራሱ፣ በቢትኮይን መዝገብ ላይ እንዲጻፍ አድርገው ነበር። የኔዘርላንድ ፖሊስ በኦክቶበር 2022 ይህንን ተጠቀመበት። ክፍያ ላከ፤ ክፍያው ገና ሳይጸድቅ መፍቻው ወጣለት፤ ከዚያ ክፍያውን አስቀረው። በዚህ ዘዴ 155 ቁልፍ ተሰበሰበ። ወንጀለኞቹ ከነቁ በኋላ ክፍያ ሳይጸድቅ ቁልፍ መስጠት አቆሙ።

እንግዲህ ወደ ተግባር። በቤትዎ ዋይፋይ ላይ ሆነው የራውተሩን ገጽ ይክፈቱ። አድራሻው ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ከጎኑ ያለውን የፋብሪካ የይለፍ ቃል እስከ ዛሬ ካልለወጡት በዚሁ ይለውጡት። ፖርት ማስተላለፊያ የሚለውን ክፍል ፈልገው የሣጥኑን አይፒ አድራሻ የያዘ መስመር ካለ ያጥፉ። ዩፒኤንፒን ይዝጉ፤ የልጆች ጌም ካስቸገረ በኋላ መነጋገር ይቻላል። ዲኤምዜድ በሚለው ሥር የሣጥኑ አድራሻ ከተጻፈ ደግሞ ይደንግጡ፤ ትርጉሙ «የመጣውን ሁሉ፣ በየትኛውም ፖርት፣ ለዚህ ስጥ» ነው። የኢንተርኔት አቅራቢዎ አይፒ ሥሪት ስድስትን የሚሰጥ ከሆነ እያንዳንዱ ዕቃ ከውጭ የሚታይ የራሱ አድራሻ ሊኖረው ስለሚችል፣ በራውተሩ ላይ የዚያኛው ፋየርዎል መብራቱን ያረጋግጡ። ሲጨርሱ ስልክዎን ከዋይፋይ አውጥተው በሞባይል ዳታ ላይ ያድርጉትና ከውጭ የሚታየውን የቤትዎን አይፒ ከፖርቱ ቁጥር ጋር በብራውዘር ይጻፉ። የሣጥኑ መግቢያ ገጽ ከመጣ አልተዘጋም። ይህን ሙከራ ዋይፋይ ላይ ሆኖ ማድረግ ግን ከንቱ ነው፤ ከውስጥ ሆነው ከውጭ አይፈትሹም።

«ታዲያ ከውጭ ሆኜ ፋይሌን እንዴት ላገኝ ነው?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ቪፒኤን ነው። እዚህ ላይ የምለው ቪፒኤን ኢንተርኔት ሲዘጋ ከአፕ ስቶር የሚወርደውን አይደለም፤ የእርስዎን ስልክ ከእርስዎ ቤት ጋር ብቻ የሚያገናኝ፣ በምስጠራ የተሸፈነ መንገድ ነው። ዋየርጋርድ የሚባለው ዘዴ ቁልፍ ከሌለው ሰው ለሚመጣ ጥያቄ ፈጽሞ መልስ አይሰጥም፤ የሚያንኳኳው ፕሮግራም ሰው ይኑር አይኑር እንኳ ሊያውቅ አይችልም። አንዳንድ አዳዲስ ራውተሮች ዋየርጋርድ ውስጣቸው ተሠርቶላቸው ይመጣሉ። ያ ከከበደ ቴይልስኬል የተባለው አፕ በሣጥኑም በስልኩም ላይ ይጫናል፤ በራውተሩ ላይ ምንም ፖርት መክፈት አይጠይቅም። የሣጥኑ አምራች በራሱ ሰርቨር በኩል የሚያገናኝበት አገልግሎትም አለ፤ ፖርት ከመክፈት ይሻላል፤ ነገር ግን የመግቢያ ገጹን ለማንኛውም አንኳኪ ያሳያል፣ ስለዚህ ቪፒኤኑን አስቀድማለሁ።

በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በፍራንክፈርት ላለ ቤተሰብ ትልቁ ፈተና አያት ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ሆነው የልጅ ልጃቸውን የክርስትና ቪዲዮ ማየት ይፈልጋሉ፤ ለእሳቸው ሲባል ሣጥኑ ለዓለም ይከፈታል። ይህ አያስፈልግም። አንድ ቪዲዮ ለማሳየት በቴሌግራም መላክ ይበቃል፤ በነጻው አካውንት አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይሄዳል። ለሌላ ሰው የተላከ ቪዲዮ አንድ ቪዲዮ ነው፤ የተከፈተ ሣጥን ግን የፓስፖርት ቅጂውን፣ የቤት ካርታውን፣ የግብር ወረቀቱን ሁሉ የያዘ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነገር ስንመጣ፣ በስንቱ ቤት የሚደረግ የስልክ ንግግር ልጥቀስ።

«ሄሎ፣ ጋሼ፣ ደኅና አመሹ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን የኔ ልጅ። ያ ሣጥን እኮ አልከፍት አለኝ።»

«የይለፍ ቃሉን ቀይሬው ነው ጋሼ፤ ልነግርዎ ስል ረስቼው።»

«ምን አስቀየረህ? እኔ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። አክስትህ ፎቶ የምታየው በእሱ ነው። ልጆቹም ቲቪው ላይ በእሱ ነው የገቡት።»

በዚህ ቤት ውስጥ ጋሼ፣ አክስት፣ ልጆቹና ቲቪው ሁሉ አንድ ስም ነው ያላቸው፤ ስሙም አድሚን ነው። ሣጥኑ ሰው አያይምና ቲቪው «ሁሉን አጥፋ» ቢለው እንደ ጋሼ ቃል ይፈጽመዋል። በስልክ ያነጋገራቸው የወንድማቸው ልጅ የይለፍ ቃሉን መለወጡ አይከፋም፤ ነገር ግን አዲሱን ለጋሼ ነግሮ፣ ጋሼም ግድግዳው ላይ አርመው ከለጠፉት ነገሩ ወደነበረበት ይመለሳል።

ማድረግ የሚገባው ለእያንዳንዱ የራሱን ስም መስጠት ነው። ጋሼ ፎቶና ሰነዶቻቸውን የሚያዩበትም የሚጽፉበትም አካውንት ይኑራቸው። አክስት ፎቶውን ማየት ብቻ ከሆነ ፍላጎታቸው ማየት ብቻ ይፈቀድላቸው። ቲቪው የፊልሙን ፎልደር ብቻ፣ ያውም ለንባብ ብቻ። አስተዳዳሪው አካውንት ደግሞ አዲስ ስም ይውጣለትና በማንም ስልክ ላይ አይቀመጥ፤ ሥርዓቱን ለማስተካከል ብቻ ይከፈትና ይዘጋ። ከፋብሪካ የመጣውን አድሚን የተባለ አካውንት ያሰናክሉት። በጁላይ 2019 ሲኖሎጂ ለተጠቃሚዎቹ ያወጣው ማስጠንቀቂያ ስለ ቀዳዳ አልነበረም፤ አጥቂዎቹ አድሚን የሚለውን ስም ይዘው የተለመዱ የይለፍ ቃላትን ከመዝገበ ቃላት እያወጡ ይሞክሩ ነበር። ስሙን አስቀድሞ ማወቃቸው ግማሹን ሥራ ቀንሶላቸዋል።

የይለፍ ቃሉ የልጅ ስምና የልደት ዓመት አይሁን። አራት የማይገናኙ ቃላት፣ «ቅል መጋዝ ዝናም ሐሙስ» እንደሚሉት ያለ፣ በላቲን ፊደል ተጽፈው ለማስታወስ ቀላል፣ ለመገመት ከባድ ናቸው። ይህችኛዋን ግን አይጠቀሙባት፤ ታትማለች። ተደጋጋሚ የተሳሳተ ሙከራ ያደረገ አድራሻ እንዲታገድ የሚያደርገውን ቅንብር ያብሩ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም ያብሩ፤ ስልክዎ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጥ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ነው፤ ስልኩ ቢጠፋ የሚያስገባውን የመጠባበቂያ ኮድ በወረቀት ጽፈው ከሰነዶችዎ ጋር ያኑሩት።

ስለዚህ ቁጥር አንድ ነገር በደንብ ይታወቅ፤ ሻጮች አይናገሩትም። ቁጥሩ የሚጠየቀው በብራውዘር ሲገቡ ነው። ላፕቶፕዎ ላይ ሣጥኑ እንደ አንድ ተጨማሪ ድራይቭ ሲታይ የሚሠራው ኤስኤምቢ የተባለ የፋይል ማካፈያ መንገድ ነው፤ እሱ ቁጥር አይጠይቅም። ስምና የይለፍ ቃሉን አንዴ ላፕቶፑ ላይ ካስቀመጡት፣ በዚያ ላፕቶፕ ላይ የሚሮጥ ማንኛውም ፕሮግራም በእርስዎ ስም ይጠይቃል። ተማሪው ልጅዎ የተሰነጠቀ ሶፍትዌር አውርዶ ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም ቢያስገባ፣ ፕሮግራሙ ሣጥኑን መስበር አያስፈልገውም፤ ድራይቩን ከፍቶ ፋይሎቹን አንድ በአንድ መስጥሮ መልሶ ይጽፋቸዋል። ሣጥኑም ይታዘዛል፣ ጠያቂው የታወቀ ስም ነውና። እዚህ ላይ የሚያድነው የፈቃድ ልክ ብቻ ነው። የ2012ቱ የሠርግ ቪዲዮ ዛሬ ማን ይለውጠዋል? ማንም። ስለዚህ ያረጁ ሰነዶችንና ቪዲዮዎችን «ማኅደር» ወደሚባል ፎልደር አዛውረው፣ የእርስዎም የዕለት አካውንት ሳይቀር ለንባብ ብቻ ያድርጉት። አዲስ ነገር ለመጨመር በዓመት ጥቂት ጊዜ በአስተዳዳሪው አካውንት ይገባሉ፤ ትንሽ ያደክማል፤ ድካሙ ይገባዋል። በኤስኤምቢ ቅንብር ውስጥም የመጀመሪያውን ሥሪት ይዝጉት፤ በሜይ 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተዛመተው በዚያ አሮጌ ሥሪት ቀዳዳ ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ዘመድ አይደለም። በርካሽ የሚሸጡ፣ ስም የለሽ የአንድሮይድ ቲቪ ቦክሶች ከፋብሪካ ቫይረስ ተጭኖባቸው እንደሚወጡ በ2023 ባድቦክስ በተባለው ምርመራ ተጋልጧል፤ የአሜሪካው ኤፍቢአይም በ2025 ስለዚሁ አስጠንቅቋል። እንዲህ ያለው ቦክስ ከሣጥኑ ጋር በአንድ ዋይፋይ ላይ ከተቀመጠ ራውተሩ ከውጭ የከለከለው ሰው በቤቱ ውስጥ ወኪል አገኘ ማለት ነው። አብዛኞቹ ራውተሮች የእንግዳ ዋይፋይ ይሰጣሉ። ቲቪ ቦክሱን፣ የበር ካሜራውን፣ «ዋይፋይ ስጠኝ» ያለውንም እንግዳ እዚያ ያስገቡ፤ ሣጥኑ ያለበት ላይ የቤተሰቡ ስልክና ኮምፒውተር ብቻ ይቅር።

አፕዴት በራሱ እንዲጫን ያድርጉት። አምራቹ ለሞዴሉ አፕዴት መስጠት ካቆመ ሣጥኑ ከኢንተርኔት ይለያል ወይም ይለወጣል፤ የማይ ቡክ ላይቭ ባለቤቶች ስድስት ዓመት ያህል ያለ አፕዴት ነበሩ።

ሌባ ቤት ገብቶ ሣጥኑን ከነገመዱ ቢወስደውስ? የምስጠራ ቅንብር አለ፤ ዲስኩን ሌላ ቦታ ሰክቶ ማንበብ ያግዳል። ልብ የሚያሻው ግን ቁልፉ የት እንደተቀመጠ ነው። ሣጥኑ ሲበራ ራሱ እንዲከፍት ቁልፉ እዚያው ውስጡ ከተቀመጠ፣ ሌባው ሣጥኑን ሙሉውን ከወሰደ አብሮ ወስዶታል። መብራት በጠፋ ቁጥር በእጅ መክፈት ያስቸግራል፤ ቢሆንም ሚስጥራዊ ሰነዶች ያሉበትን አንድ ፎልደር ብቻ እንዲህ ማድረግ ይቻላል።

የመጨረሻው ነገር ቅጂ ነው። ሬይድ ቅጂ አይደለም፤ አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ሌላው እንዲተካው ነው፤ «አጥፋ» ሲባሉ ሁለቱም አብረው ያጠፋሉ። ከክላውድ ጋር ማመሳሰልም ብቻውን ቅጂ አይደለም፤ የተመሰጠረው ፋይል በጥሩው ላይ ታማኝ ሆኖ ይጻፍበታል። ስናፕሾት፣ ማለትም ፋይሎቹ በአንድ ሰዓት ላይ የነበሩበትን ሁኔታ የሚይዘው አሠራር፣ ከላፕቶፑ ለሚመጣ ጉዳት ፍቱን ነው፤ የዕለት አካውንት ሊሰርዘው አይችልምና። አስተዳዳሪውን የያዘ አጥቂ ግን ይሰርዘዋል። በአዳዲስ ሥርዓቶች ላይ ለተወሰነ ቀን አስተዳዳሪውም ቢሆን እንዳይሰርዘው የሚቆልፍ አማራጭ አለ፤ ካለልዎ ያብሩት።

ፎቶግራፈሩ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚባል ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። እኔ ከዚህ ላይ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ሣጥኑ ሊደርስበት የማይችል ይሁን። በዩኤስቢ የሚሰካ ዲስክ በቂ ነው፤ ሰክተው ይቅዱ፣ ከዚያ ነቅለው ሌላ ቦታ ያኑሩት። ሁልጊዜ እንደተሰካ የሚኖር ዲስክ ግን ሣጥኑ የሚያዝበት ሌላ ፎልደር ነው። ቅጂውን ወንድም ወይም እህት ቤት ወዳለ ሌላ ሣጥን የሚልኩ ከሆነም፣ የሚሻለው ያኛው መጥቶ እንዲወስድ እንጂ ይህኛው ሄዶ እንዲጽፍ አይደለም፤ የሚጽፍ ሣጥን የሚጽፍበት ቁልፍ ይይዛል፤ የያዘውን ቁልፍ ሁሉ ደግሞ አጥቂው ይወርሰዋል። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜም ከቅጂው ጥቂት ፋይሎችን መልሰው ይክፈቱ፤ ቪዲዮ ከሆነ መሐሉንና መጨረሻውን ያጫውቱ፤ ስሙ ብቻ ተርፎ ውስጡ ያልተቀዳ ፋይል ያጋጥማልና።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ጠዋት ፋይሎቹ እንግዳ ቅጥያ ይዘው ቢገኙስ? በመጀመሪያ የኔትወርክ ኬብሉን ይንቀሉ፤ ኃይሉን ግን ለማጥፋት አይቸኩሉ። በኤፕሪል 2021 ኪውሎከር የተባለው ጥቃት የኪውናፕ ሣጥኖችን ፋይሎች ሰቨን ዚፕ በሚባለው የታወቀ ፕሮግራም በይለፍ ቃል ይቆልፋቸውና 0.01 ቢትኮይን ይጠይቅ ነበር። ፕሮግራሙ ገና እየሠራ ሳለ የሚቆልፍበት የይለፍ ቃል በሣጥኑ ሜሞሪ ውስጥ ነበር፤ በጊዜ የደረሱ አንዳንዶች ከዚያ ቀድተውት ፋይላቸውን አስመልሰዋል። ደንግጦ ያጠፋው አጣው። ኩባንያውም ሣጥኑን እንዳታጠፉ ሲል አሳስቦ ነበር። የቤዛ ማስታወቂያውን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ መፍቻ በኋላ ቢገኝ በእሱ ላይ ያለው አድራሻ ይፈለጋል።

ከዚያ በኋላ የሚቸኮለው ወደ ቅጂው ነው፤ መቸኮል የሌለበትም እዚያው ነው። ሥርዓቱ በታመመ ሣጥን ላይ ጥሩውን ዲስክ መሰካት ቅጂውንም ለአጥቂው አሳልፎ መስጠት ነው። ቅጂው ያለበትን ዲስክ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ሙሉ መሆኑን ይዩ፤ የሣጥኑን ሥርዓት ከአምራቹ ገጽ በወረደ አዲስ ፋይል እንደገና ይጫኑ፤ የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ፣ የራውተሩንም ጨምሮ፣ ከሌላ ኮምፒውተር ሆነው ይለውጡ፤ የራውተሩ የፖርት ዝርዝር ባዶ መሆኑን በሞባይል ዳታ ይፈትኑ። ዲስኩ የሚሰካው ከዚያ በኋላ ነው።